ገመዱን የነቀልኩት እኔ አይደለሁም

ሰው ተሰብስቦ የመንፈስና የጥላ ወሬ ሲጀምር ጫማዬን አጥልቄ ደህና ዋሉ የምል ሰው ነኝ፣ እንቅልፍ ያጣ ብዙ ያያል፣ የጠገበ ደግሞ ብዙ ይሰማል ነው የምለው፣ አገር ቤት ሳለሁ ቡዳ በላው የተባለው ሁሉ ወይ ወባ ይዞት ወይ ሆዱን አሞት ሲገኝ ስላየሁ በዚህ ነገር ልቤ ደረቅ ነው። አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልወጣኝም። ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎች ስላንገበገቡኝ ነው፣ አንደኞቹ "አንተ ነህ ያደረግከው" ብለው ይሰድቡኛል፣ ሁለተኞቹ "አንተ ነህ ያደረግከው" ብለው ያመሰግኑኛል፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ነጥቡን የማሳርፍበት ቦታ ቢጠፋኝ ታገሱኝ፣ ነገሩ ላይ ግን አንድም የጨመርኩት የለም።

ታምራት የእህቴ የየሺ ባል ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከጓሮው መዋኛ ያለበት ቤት ገዛ፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ መዋኛ ያልሰማ ሐበሻ በቨርጂኒያ የለም፣ ቡና ቤት ብትገቡ ስለ መዋኛው ነው፣ ለቅሶ ቤት ብትቀመጡ ስለ መዋኛው ነው፣ ሬሳ ሳይነሳ ስለ ክሎሪን ዋጋ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጎረቤቶቹ ፈረንጆች የሙቀቱ ወቅት አለቀ ብለው መዋኛቸውን ሲሸፍኑ እሱ አይሸፍንም፣ ሩፋኤልን ይጠብቃል። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ዕለት የጣለ ዝናብ ጠበል ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ልጅ ሆነን ራቁታችንን እንወጣበት ነበር፣ እናቶቻችን ደግሞ ለሊጣቸው በጣሳ ያጠራቅሙት ነበር። ታምራት በዚያ ላይ የራሱን ጨመረበት፣ ዝናቡ ጠበል ከሆነ ዝናብ የገባበት መዋኛም ጠበል ነው አለ፣ በየዓመቱ ቄስ ይጠራል፣ ሰው ይጠራል፣ ካረገዘ ደመና ጋር ሲፋጠጥ ይውላል።

እኔ አልሄድም ነበር። የሄድኩት ለእናቴ ስል ነው። እናቴ ከመጣች ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ሁለቱም ጉልበቷ አብጦ፣ ደረጃ ሲያጋጥማት ጠላቷን ያየች ይመስል ቆማ የምታፈጥ ሴት ናት፣ ሐኪሙ አንድ ቀን መርፌ፣ አንድ ቀን ኪኒን፣ አንድ ቀን "ትንሽ ክብደት ትቀንስ" ይለኛል፣ አጥንት ብቻ የቀረች ሴት ከየት አምጥታ ነው የምትቀንሰው! እሷ ግን ተስፋዋን የጣለችው የታምራት መዋኛ ላይ ነበር። ያን ዕለት እሁድ ስለነበር ከቅዳሴ በቀጥታ መንገድ ጀመርን፣ ገና ቤልትዌይ ወደሚባለው አውራ ጎዳና ሳንወጣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

"አሻግሬ፣ ዛሬ ከታምራት ጋር እንዳትነካከስ።"

"እኔ መቼ ነከስኩት?"

"በፋሲካ ያደረግከውን እኔ ነኝ የማውቀው። እህትህ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ዛሬ አፍህን ያዝልኝ።"

"አፌን ከያዝኩ በምን ልበላ ነው?"

"ብላበትና ያዘው" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ይህን እሺ ያዙልኝ፣ ቀኑን ሙሉ እግሬን ያሰረኝ እሱ ነው።

ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ልጆቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ይንጫጫሉ፣ ታምራት ከመዋኛው ዳር ጥላ ድንኳን ተክሎ፣ ከሥሩ በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ወዳጁ የተዋሰውን ትልቅ ስፒከር ከነአምፕሊፋየሩ ደርድሮ ጎንበስ ቀና ይላል። መዋኛው ካለበት ራቅ ብሎ በረንዳው ግድግዳ ላይ ክዳን ያለው ሶኬት አለ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሉት፣ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ ወደ ውሃ ወይ ወደ ሰው ሊሄድ ሲል ራሱ ጠቅ ብሎ የሚቆርጠው ዓይነት ነው። ይህን ያወቅኩት አዋቂ ሆኜ አይደለም፣ ቤቱን ገዝተው ሲገቡ የመጣው ኢንስፔክተር ለየሺ ሲያስረዳት ሶፋ ተሸክሜ በዚያ ሳልፍ ስለደረስኩ ነው። ውጭ የሚሰካ ነገር ሁሉ እዚህ ብቻ ይሰካ፣ ከውሃው ዳር ይራቅ፣ ከቤት ውስጥ ገመድ ተስቦ አይውጣ፣ ውስጥ ያለው ሶኬት አሮጌ ነው፣ እንዲህ አይቆርጥም፣ ብሎ ነግሯት ነበር፣ የሺ "ኦኬ፣ ኦኬ" ትላለች፣ ታምራት ስልክ እያወራ ነበር።

እና ታምራት አምፕሊፋየሩን እዚያ ሶኬት ላይ ሲሰካው፣ ጠቅ፣ ቆረጠ። ቁልፉን ተጭኖ መለሰው፣ ጠቅ። እንደገና፣ ጠቅ።

"ይሄ የተረገመ ሶኬት! ዛሬ ነው የሚያስቸግረኝ?"

አፌን ይዤ ነበር፣ እመኑኝ ይዤው ነበር፣ ግን አፍ እስከ መቼ ይያዛል።

"ታምራት፣ የታመመው ሶኬቱ ሳይሆን ማሽኑ ነው። የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል።"

"ዶክተር ሆንክልኝ ደግሞ።"

"በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር የለህም? የልጅህ የቤቲ የታለ?"

"ይህን ሁሉ ሰው ጠርቼ የሻይ ብርጭቆ በምታህል ስፒከር ላዘምር? ተው እንጂ አሼ፣ አታሳቀኝ።"

ቄሱ አባ ዮሴፍ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ከጎን ይሰሙ ነበር። "ልጄ ታምራት፣ እግዚአብሔር ያለ ማይክም ይሰማል እኮ" አሉት።

"እሱስ ይሰማል አባ፣ የማይሰሙት እንግዶቹ ናቸው" አለና ጋራዥ ገብቶ ብርቱካናማውን ረጅም ኤክስቴንሽን ይዞ ወጣ። አንዱን ጫፍ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው አሮጌ ሶኬት ላይ ሰካው፣ በተንሸራታቹ የመስታወት በር አሹልኮ በሣሩ ላይ እየጎተተ እስከ መዋኛው ዳር አመጣው። ማሽኑ በራ። መዝሙር ጀመረ። ሰው አጨበጨበ። ታምራት ወደ እኔ ዞሮ "አየህ?" አለኝ።

አየሁ። ያየሁት ውጭ ያለው ሶኬት "አይሆንም" ብሎ የጮኸበትን ማሽን፣ መናገር በማይችል ሶኬት ላይ እንደሰካው ነው። የሺን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት፣ "ዛሬ እንኳን ሰላም ስጠን" አለችኝ። ለእናቴ ልነግራት ሄድኩ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስጠነቀቀችኝ። ምን ላድርግ? ሳህኔን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ መዝሙሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። "ድምፅ! ድምፅ!" ይላል ሰው፣ ቤቲ፣ የየሺ ልጅ፣ ከውሃው ውስጥ ሆና "አንክል፣ ኢት ስቶፕድ!" ትለኛለች፣ ማሽኑን የሠራሁት እኔ ይመስል። ለበሩ የቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ገባሁ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ገመድ አንድ ሰው ቢያደናቅፈው፣ ቢጎተት፣ ከሶኬቱ ይወልቅና መሬት ላይ እንደ ነገሩ ይወድቃል፣ አይደል? ይሄኛው ተነቅሎ፣ ሳሎን ውስጥ የነበረው ትርፉ ሁሉ በመዳፍና በክርን መሃል እየዞረ እንደሚጠቀለል ገመድ እኩል ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞ ታስሮ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፣ ለከርሞ እንዲቀመጥ ያዘጋጀው ሰው ያለ ይመስል። ሳሎኑ ባዶ ነው። ታምራት ከኋላዬ ገባ፣ አየው፣ አየኝ።

"የልጆች ሥራ ነው" አለ።

"ልጆቹ ሁሉ ውሃ ውስጥ ናቸው።"

"እንግዲያው የትልቅ ሰው ሥራ ነዋ" አለና ፈትቶ መልሶ ሰካው።

ያኔ ዝናቡ መጣ። አቤት የሰዉ ደስታ! እልልታው ጎረቤቱን ሁሉ መስኮት ላይ አወጣው፣ ልጆቹ "ሩፋኤል! ሩፋኤል!" እያሉ ይዘላሉ፣ ሴቶቹ ለሊጥ ብለው ያመጡትን ባልዲ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይደረድራሉ፣ አባ ዮሴፍ መስቀላቸውን ይዘው መዋኛውን መባረክ ጀመሩ። ዝናቡ እኔ ላይም ወረደ፣ ደስ አላለኝም አልልም፣ ግን ዓይኔ ከዚያ ብርቱካናማ ገመድ አልነቀል አለ፣ ሣሩ ላይ በውሃ ውስጥ ተኝቷል፣ ድንኳኑ ጣሪያው ላይ ውሃ እያቆረ ይረግባል፣ ከሥሩ ጠረጴዛው ቆሟል፣ ከጠረጴዛው እስከ መዋኛው ያለው ርቀት አንድ ሰው ተጋድሞ የማይተኛበት ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ለየሺ ስትሰጥ አየሁ።

"እማዬ፣ ትንሽ ቆይ።"

"ለምን?"

"ያ ገመድ እስኪነሳ።"

"አሻግሬ" አለችኝ፣ ስሜን ብቻ፣ ግን መኪና ውስጥ ያልኳትን እሺ አስታወሰችኝ።

ድምፁ በዚያው ቅጽበት እንደገና ተቋረጠ። ታምራት ዝናብ እያንጠባጠበ ወደ እኔ መጣ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ሳሎን አስገባኝ። ገመዱ ተነቅሏል። ተጠቅልሏል። ታስሯል።

"አሼ፣ እኔና አንተ እንነጋገር። ድግሴ ካልጣመህ መንገዱ ያው ነው።"

"እጄን አላሳረፍኩበትም። አጠገብህ ቆሜ ነበር እኮ!"

"ታዲያ ሩፋኤል ነው የነቀለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን ማንም ይንቀለው ማን ከአንተ የተሻለ ጭንቅላት አለው!"

ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ሰካውና ሶፋው ላይ ተጭኖ አስቀመጠኝ። "እዚህ ትቀመጣለህ። ትጠብቀዋለህ። ከእንግዲህ ቢነቀል የምጠይቀው አንተን ነው" ብሎኝ ወጣ። አያችሁልኝ? አይሆንም ብዬ የተሟገትኩትን ገመድ ጠባቂ አድርጎ ቀጠረኝ!

ለምን ያኔውኑ አልነቀልከውም ትሉኝ ይሆናል፣ ሁሉም ይለኛል። ብነቅለው ቅድም የነቀልኩትም እኔ ልሆን ነው፣ የሺ ታለቅሳለች፣ እናቴ ትቀየመኛለች፣ ታምራት ደግሞ መልሶ ይሰካዋል፣ ያው ነው። እልህም ነበረኝ፣ አልዋሽም፣ "እንግዲህ እንደ ፍላጎታቸው" የሚል እልህ።

ተቀመጥኩ። ውጭ መዝሙር፣ እልልታ፣ ዝናብ፣ ውስጥ ደግሞ እኔና ያ ሶኬት ተፋጠናል። መጀመሪያ የሰማሁት ጠቅ የሚል ድምፅ ነው፣ በረንዳው ላይ ያለው ሶኬት ሲቆርጥ የሚያሰማው ዓይነት፣ ልዩነቱ ይሄኛው የመጣው ከፊቴ ካለው ግድግዳ መሆኑ ነው፣ ያ ሶኬት ደግሞ ቁልፍ የለውም፣ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ ጠቅ የሚል ነገር የለውም። መዝሙሩ አልተቋረጠም። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ቀጥሎ ከኋላዬ፣ ወደ መኝታ ቤቶቹ በሚወስደው መተላለፊያ፣ እርጥብ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ሲሄድ ሰማሁ፣ ጫፕ፣ ጫፕ፣ ጫፕ፣ ቀስ ብሎ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው። "ማነው?" አልኩ። ቆመ። ተነስቼ ሄድኩ፣ መተላለፊያው ባዶ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ በእጄ ዳሰስኩት፣ አንዲት ጠብታ የለችበትም፣ እርጥብ የሆነው የራሴ ጫማ ብቻ ነው። ፀጉሬ ቆመ ብላችሁ ውሸት ይሆናል፣ የተናደድኩት ነው የሚበልጠው፣ የሚቀልድብኝ ሰው ያለ መሰለኝ።

ስመለስ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየሁ። እናቴ የየሺን እጅ ይዛ ወደ ውሃው ትወርዳለች፣ ጉልበቷ ገባ፣ ወገቧ ገባ፣ ፊቷ ላይ ከመጣች ጀምሮ አይቼው የማላውቅ ሳቅ አለ፣ ከዚያ የመዋኛውን ግድግዳ ይዛ ወደ ድንኳኑ በኩል ተጠጋች፣ አባ ዮሴፍ የቆሙት እዚያ ስለነበር ፀሎቱን በደንብ ለመስማት ይሆናል። ከጭንቅላቷ በላይ ጠረጴዛው አለ። ይበቃል አልኩ። እሺም ይቅር፣ ሰላምም ይቅር፣ እልሁም ይቅር፣ ተንበርክኬ እጄን ወደ ገመዱ ዘረጋሁ።

"አሻግሬ!"

ከኩሽና ነው። የእናቴ ድምፅ ነው። የሚመስል አላልኩም፣ የራሷ ነው፣ "ግ"ን ጠበቅ አድርጋ የምትጠራኝ አጠራር የሌላ ሰው አይደለም፣ ውሃ ውስጥ ያየኋትን ሴት ረስቼ እንደ ልጅ "አቤት!" ብዬ ተነሳሁ። እጄ ገመዱን አልነካም፣ በዚህ ላይ መስቀል ብታስጨብጡኝ እምላለሁ። ኩሽና ገባሁ። ማንም የለም። ምድጃው ላይ ድስት ተከድኗል፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ባለው መስኮት ውጭ ይታያል፣ እናቴ ውሃ ውስጥ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ከሳሎን ጠቅ የሚል ሰማሁ፣ ከቅድሞቹ የጠነከረ፣ እንጨት እንደሚሰበር። ቀጥሎ መዝሙሩ ቆመ። ቀጥሎ ጩኸት።

እየሮጥኩ ሳሎኑን አቋረጥኩ፣ ገመዱን ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ ተነቅሏል፣ ተጠቅልሏል፣ ወገቡ ታስሯል። ወጣሁ። ድንኳኑ ያቆረውን ውሃ መሸከም አቅቶት በአንድ ጎኑ ተደርምሷል፣ ጠረጴዛውን ገልብጦታል፣ ስፒከሩም አምፕሊፋየሩም ከነገመዳቸው መዋኛው ውስጥ ናቸው፣ ብርቱካናማው ኤክስቴንሽን ከዳሩ ወደ ውሃው ተንጠልጥሏል። ልጆቹ እዚያው ውስጥ ናቸው፣ የሺ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማ አፏን ይዛለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ውሃው ብቻ ነበር የሚወዛወዘው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልጅ ለመጎተት ዘለለ።

እናቴን ፈለግኳት። ከጠረጴዛው ሥር የለችም፣ በሌላኛው ጫፍ ደረጃው ላይ ናት፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ግማሽ ወጥታለች፣ ስታየኝ ተቆጣችኝ።

"አንተ፣ ወጣሁ እኮ! ምን ያስጮህሃል በሰው ፊት?"

"ምን አልኩ?"

"'እማዬ ውጪ፣ እማዬ ውጪ' ትላለህ፣ በሩ ላይ ቆመህ። ደንቆሮ መሰልኩህ?"

የሺን ጠየቅኳት፣ እኔ ስጮህ አልሰማችም። አባ ዮሴፍም አልሰሙም። የሰማችው እናቴ ብቻ ናት፣ ሰምታ ወደ ደረጃው ባትሄድ ኖሮ ያ ስፒከር የወደቀው አናቷ ላይ ነበር፣ ገመዱ ባይነቀል ኖሮ ደግሞ ስለ እናቴ ብቻ አልነበረም የማወራው፣ ስንት ልጅ ነበር እዚያ ውስጥ!

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያንገበግበኝ። ታምራት ሳሎን ገብቶ የተጠቀለለውን ገመድ አየና "ነቀልከው አይደል? ያሰብከውን አደረግክ!" ብሎ ጀመረኝ፣ የሺ "ነቅሎ ባያድነን ኖሮስ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ባልና ሚስቱ እኔን መሃል አድርገው ተጣሉ፣ እኔ ደግሞ "አልነቀልኩም" እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። አንዷ ሴትዮ ትሕትና ነው አለች። ትሕትና! እኔ! አባ ዮሴፍ ብቻ ትከሻዬን ነካ አድርገው "ልጄ፣ ሰው ማን ነቀለው እያለ ሲከራከር ለምን ተሰካ የሚለውን ረሳው" አሉኝ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ደህና፣ አትመኑኝ፣ ግን ሶኬቱን አሠሩ አልኳቸው። ታምራት አላሠራም። በሳምንቱ ደወልኩለት፣ "ኤሌክትሪሻን ጥራ፣ የሳሎኑንም የሚቆርጠው ዓይነት አስደርግ፣ ያን አምፕሊፋየር ጣለው" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አሼ፣ መልአኩ በዓይናችን እያየነው ጠብቆን፣ አሁን ገንዘብ አውጥቼ ኤሌክትሪሻን ብጠራ አለማመን አይሆንብኝም?" አለኝ። መጀመሪያ ለእሱ የሚስቱ ቀናተኛ ወንድም ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ መልአክ አገኘና ሶኬቱን ለመልአኩ ተወለት። ታሪኩን በየቤቱ ያወራዋል፣ ስፕሪንግፊልድ አንድ ልደት ላይ ስሰማው እኔ ከታሪኩ ጠፍቻለሁ፣ ገመዱን ሲነቀል ያየው ራሱ ሆኗል። ለመጪው ሩፋኤል ከዚያ የሚበልጥ ስፒከር አዝዟል አሉኝ፣ ውሃ የማይገባው፣ ገመዱ ግን ያው ከሳሎን ነው የሚመጣው። እንዴት ብዬ ነው የማስረዳው? መልአክ ነው ካላችሁ እንኳ፣ ያን ዕለት ሦስት ጊዜ መንቀል ነበረበት፣ ሁለቴ ነግሯችሁ አልሰማችሁትም፣ መልአክስ ቢሆን አይሰለቸውም?

እኔ ራሴ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። እናቴ ከዚያ ወዲህ እቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ከክፍሏ "አቤት" ትላለች። ሳሎን ተቀምጬ፣ ቴሌቪዥን ከፍቼ፣ ምንም ሳልናገር፣ "አቤት" ትለኛለች።

"አልጠራሁሽም እማዬ።"

"እሺ" ትላለች። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት፣ ጆሮዋን ለሐኪም አሳየሁ፣ ከአንተ ይሻላል አለኝ።

ባለፈው ሮክቪል፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ሆኜ እንደ ልማዴ በምሳ ሰዓት ደወልኩላት። ስልኩን ያነሳችው እያለከለከች ነው።

"ምን ሆነሻል?"

"አንተ ነህ እንጂ ምን የሆንከው! ገላዬን እየታጠብኩ ጠርተህ፣ ሳሙናዬን ሳልለቀለቅ በፎጣ አስወጥተኸኝ፣ መልሰህ ጥፍት አልክ። የት ሄድክ?"

"እማዬ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ወደ መታጠቢያ ቤቱ አትመለሺ" አልኳት፣ ለሱፐርቫይዘሬ እንኳ ሳልናገር መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። ስደርስ ሶፋው ላይ በፎጣዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፣ ሳሙናው ክንዷ ላይ ደርቋል። መታጠቢያ ቤቱን አገላብጬ አየሁት፣ መስታወቱ አጠገብ ያለውን ሶኬት ቁልፉን ተጭኜ ሞከርኩት፣ ጠቅ ብሎ ቆረጠ፣ ስመልሰው ተመለሰ፣ ደህና ነው፣ የተሰካ ነገር አልነበረም፣ ጣሪያውንም ወለሉንም አየሁ። የሕንፃውን የጥገና ሠራተኛ ጠራሁ፣ ሰውየው በባትሪ አብርቶ አየና "ሁሉም ደህና ነው፣ ምን አይተህ ነው የጠራኸን?" አለኝ፣ ምን ልበለው? በማግስቱ ሌላ ሰው ላኩ ብዬ ተጨቃጨቅኩ፣ እሱም ምንም አላገኘም። አሁን ስትታጠብ ከበሩ ውጭ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሥራ ካለኝ እስክመለስ አትታጠብም፣ ተሰላችታለች፣ እኔም ተሰላችቻለሁ።

ትናንት ማታ እራት እየበላን ጉርሻዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

"አሻግሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ።"

"ጠይቂኝ።"

"እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ጠሪውን ሳታዪ አቤት አትበዪ ትለኝ ነበር። ያን ዕለት ደግሞ አቤት ብዬ ነው የተረፍኩት።" ሳህኑን እያየች ነው የምታወራው። "አንተ ካልሆንክ እንግዲህ፣ ሌላ ጊዜ በአንተ ድምፅ ሲጠራኝ፣ ልውጣ ወይስ ዝም ልበል?"

እኔ ለሁሉም መልስ የማላጣ ሰው ነኝ፣ አፍህን ያዝ ተብዬ እንኳ የማልይዝ። እጄን ታጥቤ፣ ሳህኑን አንስቼ፣ መኝታዬ ገባሁ። ዛሬም ጠዋት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ መልሴን ትጠብቅ ነበር።